ክር ዝም ያለች ሰሞን

ሰኞ

መጣች። ከመኪናው የወረደችው ተጎትታ ነው፤ ደረጃውን የወጣችውም ሆዷን መሬት እያስነካች። የእንስሳት ሐኪሟ ገመዱን እያላላች "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ትላለች። ውሻዋን ይሁን እኔን መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

ቡናማ ናት። አንዱ ጆሮዋ ቆሟል፣ ሌላው ተኝቷል። ቀጭን ስለሆነች ክር አልኳት። ልብስ ሰፊ ሌላ ምን ስም ያወጣል?

ሐኪሟ ነገሩን አልሸፋፈነችብኝም። ክር አንድ ባለሱቅ ነክሳለች። መጠለያው ሁለተኛ ጊዜ የነከሰ ውሻ አያኖርም፤ የሞት መርፌ ነው የሚወጋው። "ትምህርት ቤት እስኪከፈት እርስዎ ጋ ትቆይልኝ" አለች። "ሰው ትልመድ፣ ከእጅ ትብላ፣ ደንበኛ ሲገባ ሲወጣ ትመልከት። ከዚያ በኋላ የሚወስዷት ሰው አሉኝ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፣ ባቡር ነጂ የነበሩ። ካልሆነ ግን..." ብላ የውሻዋን ጀርባ አሸት አሸት አደረገች።

ሌላም ብዙ ነገር ነገረችኝ። እንዴት እንደምትነካ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ስታጉረመርም ምን ማድረግ እንዳለብኝ። መሃል ላይ ደንበኛ ደወለችልኝ። ከተነገረኝ ግማሹን ይዤ ግማሹን ጣልኩ። ውሻ ያው ውሻ ነው።

እህቴ ለምን እሺ እንዳልኩ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ሌባ ትጠብቅልኛለች እላታለሁ።

ማክሰኞ

ሩዝና የተቀቀለ ሥጋ። ከሳህን አልበላም አለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በመዳፌ ዘረጋሁላት። ሐኪሟ ካለችው ይህችን ይዣለሁ፦ ዓይን ዓይኗን አይዩ። ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ጠበቅኩ። በላች። ሲያልቅ መርፌ የወጋውን ጣቴን ላሰችልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሐሙስ

ከስፌት መኪናው ሥር ቦታ ይዛለች። ፔዳሉን ስረግጥ ድምፁ ያስተኛታል መሰለኝ። እኔም ብቻዬን አልሆንም። እግሬ የሞቀ ነገር ይነካል።

የዩኒፎርም ወቅት ነው፤ ለመተንፈስ ጊዜ የለም። ከኋላዋ ሰው ሲመጣባት ወይም እጅ ከራሷ በላይ ሲዘረጋ ታጉረመርማለች። ድምፁ ትልቅ አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ ሞተር ይመስላል። ደንበኛ ግን ይሰማዋል።

ቅዳሜ

ልጄ መጣች። አንድ ሻንጣ ይዛለች።

"ለጥቂት ቀን ነው እማዬ" አለች።

እሺ አልኩ። ክፍሏ ውስጥ ጨርቅ አከማችቼ ነበር፣ አነሳሁት። ለምን መጣሽ ብዬ አልጠየቅኩም። በእኛ ቤት ሰው ሲፈልግ ራሱ ይናገራል።

እሑድ ማታ

ሁለቱም ተኝተዋል፤ አንዷ በክፍሏ፣ አንዷ በመኪናው ሥር። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ይህ ቤት ድሮም ጸጥ ያለ ነበር። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌሊቱን ዳቦ ቤት አድሮ ቀን ይተኛ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው። ልጄ ድምፅ ሳታሰማ መጫወት የተማረችው ገና በደንብ መራመድ ሳትችል ነው። ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ዛሬም አለቀቃትም። ጎረቤቶች "ልጅ ያለበት ቤት አይመስልም እኮ" ሲሉኝ ልቤ እንዴት ነበር የሚኮራው! አንድም ቀን እጄን አላነሳሁባትም። የመቀሱን እጀታ ጠረጴዛው ላይ ኳ ካደረግኩ ይበቃት ነበር።

ከስታለች። ከስታለች እንዴ? ምናልባት ቀሚሱ ይሆናል፤ ወገቡ ላይ አላማረም፤ ማን እንደሰፋላት እንጃ።

ማክሰኞ

አፈርኩ። የሦስት ልጆች እናት የሆነችው ደንበኛዬ ልጆቿን ልታስለካ መጣች። ትንሹ እርሳሱ ወድቆበት ከመኪናው ሥር ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ክር አጉረመረመች። እናትየው በኮሌታው ጎትታ አወጣችው።

"እስኪቦጭቀው ነው የሚጠብቁት?" አለችኝ።

"ኧረ ምንም አታደርግም! ድምፅ ብቻ ነው!"

"ድምፁ አይበቃም? ይልቅ ጨርቄን ይመልሱልኝ።"

ጨርቋን አጥፌ ሰጠኋት። ነገ ደግሞ ሌላዋ ትሰማለች፣ ከዚያ ሌላዋ። ከሐኪሟ ጆሮ ቢደርስስ? ይቺ ውሻ በገዛ አፏ ራሷን ልታስገድል ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ስታጉረመርም ሳላስበው መቀሱን አንስቼ ጠረጴዛውን ኳ። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ጀመረች። ኳ። ዝም።

ልጄ ክፍሏ ሆና ስልክ እያወራች ነበር። ኳ ሲል እሷም ወሬዋን መሃል ላይ ቆረጠች። ሳቄ መጣ። "ላንቺ አይደለም!" አልኳት በግድግዳው በኩል።

አርብ

ኳ። ዝም። እጅጌ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኮሌታ። ምሳ የበላሁት ቆሜ ነው። አማቼ ደወለ፤ "እማማ ደህና ነዎት?" አለ በዚያ ትሁት ድምፁ። ልጄን ጠራኋት። በሩን ዘግታ አነጋገረችው። የሰማሁት "እሺ" ስትል ብቻ ነው። "እሺ። እሺ። እሺ።"

ማክሰኞ

ድል! ክር ካጉረመረመች ሳምንት ሊሞላት ነው። አሁን መቀሱን ማንሳቴን ስታይ ብቻ ጸጥ ትላለች። ልጆች ይገባሉ፣ ይለካሉ፣ ይወጣሉ፤ እሷ ከመኪናው ሥር ቅንጣት ድምፅ የላትም። ያቺ የሦስት ልጆች እናት እንኳ ተመልሳ መጥታ "ምን አድርገዋት ነው?" አለችኝ።

"አሠልጥኛት።"

ልጆቿ ሲለኩ ክር ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ የዓይኗን ነጭ እያሳየች ታያቸው ነበር። ሙቀቱ ይሆናል።

ሐሙስ

ራዲዮ መጣች። እህቴን ራዲዮ ያልናት ገና በልጅነቷ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያጠፋት ሰው አልተገኘም። ገና ከደረጃው ሥር ጀምራ እያወራች ወጣችና ክርን ስታይ ቆመች።

"እታለም፣ ይቺ ውሻ ምነው እንደ ፎቶ ሆነች?"

"ጨዋ ሆናለች።"

"እኔን ታስፈራኛለች። የሚጮህ ውሻ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል።" ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ ወሽቃ ከክር ራቅ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ (የእሷ ዝቅታ ደረጃው ላይ ይሰማል) "ልጅቷስ? ምን ሆና ነው የመጣችው?"

"ልታርፍ ነው።"

"በዚህ ቤት ያረፈ ሰው አባቷን ብቻ ነው የማውቀው።"

"እንግዲህ ጀመረሽ!"

"ጠይቂያት እንጂ! ግማሿ አልቋል እኮ። እኔ ልጠይቃት?"

"አንቺ ከጠየቅሻት ከተማው ሁሉ ይሰማል።"

ተቀይማ ሄደች። ተቀይማም ቢሆን እስከ መንገዱ ድረስ ስታወራ ይሰማኝ ነበር። ልጄን በልጅነቷ "እንደ አክስትሽ እንዳትሆኚ" እላት ነበር። አልሆነችም።

እሑድ

ትናንት ማታ ልጄ ስታለቅስ ሰምቼ ይሆናል። ውሃም ሊሆን ይችላል፤ ቧንቧው ያፈሳል። ክር ከመኪናው ሥር አልነበረችም፤ ልጄ ክፍል ገብታ አድራለች። ጥሩ ነው፣ ሰው መልመዷ ነው።

ጠዋት ከልጄ ክፍል ሮጣ ወጣችና መኪናው ሥር ተሸጎጠች። ከመዳፌ አልበላም አለች። ምን ነካት?

ማክሰኞ

ሐኪሟ ደወለች። ጡረተኛውን ይዛ ቅዳሜ ትመጣለች። ትምህርት ቤት ሳይከፈት! ልቤ ስንጥቅ አለ። ግን ዝግጁ ናት፤ ምን ቀራት?

"ስታጉረመርም ምን ያደርጋሉ?" አለችኝ።

"አታጉረመርምም" አልኳት። "ጭራሽ ትታዋለች።"

"በጭራሽ?" አለች።

"በጭራሽ!"

"ቅዳሜ አያታለሁ" አለች። ደስ ያላት አልመሰለኝም። ሰው አያመሰግንም።

ረቡዕ

ሰው በሙቀት ሊሞት ነው፣ ልጄ ረጅም እጅጌ ለብሳለች። ትናንትም ረጅም እጅጌ ነበር። ሰኞም።

ቀሚስ ልሰፋላት ልለካት ተነሳሁ። ሜትሩ ወገቧ ላይ ዞሮ ዞሮ ተረፈኝ። ክንዷ ላይ ሳጠነጥነው ጥርሷን ነከሰች። ድምፅ አላወጣችም። ከእጅጌው ሥር ፋሻ አለ። ይህ ጣት ስንት ዘመን ጨርቅ የዳሰሰ ጣት ነው፣ አይሳሳትም።

"ምንድን ነው?"

"ምንም። በሩ ነው።"

"እሺ" አልኩ።

ለምን እሺ አልኩ?

ረቡዕ ማታ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባሏ ጋር ውጪ ተገናኝተው ነበር። ሲመሽ ብቻዋን ተመለሰች። ፊቷን አላሳየችኝም። ከዚያ ነው ረጅም እጅጌ የጀመረችው።

ያ ትሁት ድምፁ! "እማማ ደህና ነዎት?" ይለኛል።

ሸሚዝ ልጨርስ ብዬ ቁጭ አልኩ፤ ሁለት የግራ እጅጌ ቆርጬ ሁለቱንም ሰፍቻቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ስህተት ተለማማጅ ሆኜ እንኳ አልሠራሁም። ስፈታው ጨርቁን ቀደድኩት።

ልጠይቃት ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄድኩ። መብራቷ በርቷል። ብጠይቃት ትደነግጣለች፣ ታፍራለች። ነገ።

ሐሙስ

አልጠየቅኩም።

አርብ ማታ

ዛሬ ጽሑፌ አያምርም።

አማቼ ከሰዓት በኋላ ሳይደውል መጣ። ሻይ ሰጠሁት። ለምን ሻይ እንደሰጠሁት አላውቅም። ልጄ ክፍሏ ናት፤ አልወጣችም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ፣ አልጠጣውም።

"እማማ፣ ጨነቀኝ" አለኝ። "ወደ ሩቅ ከተማ ተዛወርኩ ስላት ምንም አላለችኝም። እዚያ ቤት ተከራየሁ ስላት፣ እሺ። ዕቃ አብራኝ አሰረች። እንዲያውም ሳጥኖቹ ላይ የጻፈችው እሷ ናት። በማግስቱ ስነቃ የለችም። ደስ ያላለው ሰው አንዲት ቃል እንኳ አይተነፍስም? ቅዳሜም ለምኜ ይዣት ወጣሁ፤ ምን አጠፋሁ ስላት 'ምንም' አለችኝ።"

እውነቱን ልጻፍ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ልጄ አትነጫነጭም። እንዲያ ነው ያሳደግኳት። ከዚያ ፋሻው ትዝ አለኝ።

"እና ለዚህ ነው ክንዷን እንዲያ ያደረግከው?"

"ክንዷ ምን ሆነ?"

"አታስመስልብኝ! ልጄ ላይ እጅህን አንስተህ ቤቴ ገብተህ ሻይ ትጠጣለህ?"

"እማማ፣ ምን እያሉ ነው? እኔ? እኔ በሷ ላይ?" ተነሳ። ብርጭቆው ወደቀ።

መቀሱ እጄ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ጠረጴዛውን በኃይል መታሁት። አማቼ ዝም አለ። ክር ከመኪናው ሥር ተጨማደደች። የልጄ በር ተከፈተ።

"እማዬ፣ ተዪው። እሱ አይደለም።"

እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ፋሻውን ፈታች። የጥርስ ምልክት ነው። ክብ፣ ወይንጠጅ፣ አራት ቦታ ላይ ጠልቆ የገባ።

"ክር ናት" አለች። "ቅዳሜ ማታ። እያለቀስኩ አቀፍኳት። አላጉረመረመችም፣ ምንም አላለችም። ዝም እንዳለች ነከሰችኝ። እሑድ ጠዋት ለዳቦ ወጣሁ ብዬሽ ሐኪም ቤት ነው የሄድኩት፣ አጥበው አሰሩልኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ይገድሏታላ!"

"ለእኔ ለእናትሽ ብትነግሪኝ..."

"መቼ ነው በዚህ ቤት የሚነገረው?" ድምፅዋ ሲወጣ አላወቅኩትም፤ የማላውቀው ሰው ድምፅ ነበር። "ኳ ባደረግሽ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ እኮ። ሠላሳ ዓመቴ ሊሆን ነው። ስልክ እያወራሁ፣ ላንቺ አይደለም እያልሽኝ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ! እሱ ልንሄድ ነው ሲለኝ አልሄድም ልለው አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው እሺ ነው። አልሄድም! እዚያ ከተማ አልሄድም!" የመጨረሻውን ለእሱ ነው ያለችው።

አማቼ በቆመበት ቀረ። "አሁን ነው የነገርሽኝ" አለ። ብርጭቆውን ከወለሉ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሄደ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።

አርብ፣ ያው ሌሊት

እንቅልፍ የለም።

ነገ ሐኪሟ ትመጣለች። ልጄ አትናገርም፣ እኔ ካልተናገርኩ ክር ታልፋለች። ዝም ማለት ደግሞ የምችለው ሙያ ነው። ክር እዚያ ባቡር ነጂው እግር ሥር ተኝታ፣ እሳቸው ብርድ ልብስ ሊያለብሷት ጎንበስ ይላሉ፤ ምንም ሳይሰሙ። ፊታቸውን ቢሆንስ?

ብናገር መርፌ ነው። በእጄ ያበላኋት ናት። ጣቴን የላሰችው ናት።

እሷ ተናግራ ነበር። በመጣች በአራተኛው ቀን ጀምራ ነግራኛለች። አፏን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ሁሉንም ነገርኳት። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ደጃፉ ላይ። ባቡር ነጂው ከኋላዋ ቆመዋል፤ ረጅም ሰው ናቸው፣ ቆባቸውን ይዘው።

ሐኪሟ የልጄን ክንድ አየች፣ ስለ ሕክምናው ጠየቀቻት፣ የክርን ክትባት አረጋገጠችላት። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ የደከማት ትመስል ነበር።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ስታጉረመርም ይራቁላት ብዬዎት ነበር።"

"ስልክ ላይ ነበርኩ።"

"ማጉረምረሟ 'አሁን አትንኩኝ' ማለቷ ነው። ያንን ሲነፍጓት ፍርሃቱ የት ይሂድ? የቀራት ጥርስ ብቻ ነው።" በጣም ተቆጥታለች፤ ግን እንዳታስደነግጣት ብላ ለውሻዋ በምትናገርበት ለስላሳ ድምፅ ነው የምትቆጣኝ። ያ ደግሞ ባሰብኝ።

ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ጥሩምባው የተበላሸ ባቡር ይዤ ከጣቢያ አልወጣም ነበር" አሉ። "ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ። ሲጠገን ጥሩኝ።" ቆባቸውን አድርገው ወረዱ።

ሐኪሟ ገመዱን ከቦርሳዋ አወጣች። ክር ጅራቷን ወሽቃ ተነሳች፣ ልትሄድ። እምቢ እንኳ አላለችም።

"የነከሰችው እኔን ነው" አለች ልጄ። "እኔ አልከሰስኳትም።"

"ክስ አይደለም እህቴ፣ ሕግ ነው።"

"ያበላሸናት እኛ ነን። ትታረም እንደሆነ ሳታዪ ትወስጃታለሽ?"

ሐኪሟ ልጄን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ገመዱን እጇ ላይ ጠቀለለችው። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ሰጠችን። አንድም ልጅ ክፍሉ ውስጥ አይገባም። ድምፅዋ ካልተመለሰ፣ ይዛት ትሄዳለች።

ሰኞ

ልጆቹን ኮሪደር ላይ ነው የምለካው። የመቀሱን እጀታ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰፋሁት፤ አስቀያሚ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ድፍ ይላል። ክር አሁንም እጄን ወደ መቀሱ ስሰድ ትሸሸጋለች።

ጆሮዋ ሲለጠፍ አቆማለሁ። ከንፈሯን ስትልስ አቆማለሁ። ፊቷን ስታዞር ወደ ኋላ እላለሁ። ለካ ስንት ነገር ትል ነበር!

ሐሙስ

ምንም።

ቅዳሜ

አማቼ መጣ። ደጃፍ ላይ ይቅርታ ጠየቅኩት። "እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የማስበው" አለኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።

ከልጄ ጋር ክፍሏ ገብተው ተነጋገሩ። ንግግር ብቻ አይደለም፣ ጩኸት ነበር። እሷ ናት የምትጮኸው። "ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" ትላለች፣ "ሳጥኑ ላይ ስጽፍ እጄን አይተኸዋል?" ትላለች። የፎቁ ሰው ሁሉ ይሰማል። እጄ መቀሱን ፍለጋ ሄደ። ጨርቁን ስነካ ደነገጥኩና እጄ ላይ ተቀመጥኩበት። እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን እጄ ላይ ተቀመጥኩ።

ራዲዮ መሃሉ ላይ ደረሰች። ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ "ኧረ ጎበዝ! ኧረ የኔ ልጅ!" ትላለች። ከዚያ ታለቅሳለች።

ረቡዕ

ዩኒፎርሙ አለቀ ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ክር ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ዝም ትላለች። ሐኪሟ ደውላ "አዲስ ነገር አለ?" ስትለኝ "የለም" ከማለት በቀር ምን ልበላት? በጨርቄ ላይ እንባዬ ጠብ አለ፤ በካውያ አደረቅኩት።

አርብ

አጉረመረመች!

ከመኪናው ሥር የኮሌታ ቁራጭ ወድቋል። ክር ተኝታበታለች። ረስቼ እጄን ሰደድኩ፣ ከራሷ በላይ። ያ ከሩቅ የሚመጣ ሞተር ተነሳ። ቀጭን፣ የዛገ፣ መሃል ላይ የሚቆራረጥ። እጄን አየር ላይ አቆምኩ። ዓይኗን ወደ መቀሱ ወሰደች። መቀሱ አልተነካም። እንደገና አጉረመረመች፣ አሁን ትንሽ ጠንከር አድርጋ።

እጄን ሰብስቤ ወደ ኋላ ተንፏቀቅኩ። "እሺ የኔ እመቤት" አልኳት። "እሺ፣ እሺ።" ከዚያ ልጄን ጠራኋት፤ በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኼ የተጣራሁት ያኔ ነው።

ማክሰኞ

ባቡር ነጂው በየቀኑ ይመጣሉ። ሥጋ በኪሳቸው ይዘው ኮሪደሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ስታጉረመርምባቸው "ሰማሁ፣ ሰማሁ" ብለው ፈቀቅ ይላሉ። ዛሬ ሳትጠራ ወጥታ ከኪሳቸው በላች።

ሐኪሟ ተቀምጣ ታይ ነበር። ሆን ብላ እጇን ከክር ራስ በላይ ዘረጋች፤ ክር አጉረመረመች፤ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ገመዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ለሰውየው ሰጠቻቸው።

እሑድ

ክር ከሄደች ወዲህ እግሬ ከመኪናው ሥር ይፈልጋታል። አይበርደኝም፤ ግን ይፈልጋታል። ስትሄድ ዞራ አላየችኝም። ባቡር ነጂው ደረጃውን ቀስ ብለው ነው የወረዱት፣ እሷ በምትወርድበት ልክ። አለቀስኩ። ራዲዮ አብራኝ አለቀሰች፣ ከእኔ በላይ።

አማቼ ዝውውሩን ልተወው እችል እንደሆነ ልጠይቅ ብሎ ሄዷል። ልጄ "ጠይቅ፣ እኔም አስብበታለሁ" ነው ያለችው። ምን እንደምታስብ አላውቅም።

ማታ ላይ ሻይ አፍልቼ እንደ ልማዴ ሳላንኳኳ የክፍሏን በር ገፋ አደረግኩ። መስኮቱ ጋ ቆማለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

"እማዬ" አለች ሳትዞር፣ "አሁን አትግቢ።"

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን አይንቀጠቀጥም።

በሩን ቀስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ሻዩን መኪናው ጋ ተቀምጬ ራሴ ጠጣሁት።